ለጊደሯ የተፈረደው ፍርድ

የፓርሙዋት ጊደር በምጥ ሞተች። ጥጃው ተጣሞ አልነበረም፤ ማለፊያው አጥንት ገና አልሰፋም። ፓርሙዋት በማሳዮች አገር፣ በሎይታ ኮረብቶች ሥር ቃሉ የሚደመጥ ከብት አርቢ ነውና ኮርማውን ያለጠባቂ የለቀቀውን ጎረቤቱን ኮይኔትን በሽማግሌዎች ፊት ከሰሰው።

ኮይኔት ጊደሯ ራሷ ኮርማ ፈልጋ ነበር ሲል ተከላከለ። ፓርሙዋት በትሩን መሬት ላይ ተክሎ መለሰለት።

«መፈለግ መድረስ አይደለም። ጊደር ዳሌዋ ሳይከፈትም ኮርማ ትፈልጋለች፤ እረኛ የሚያስፈልጋትም ለዚሁ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዶሮ ያርባ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ፈረዱለትም። ኮይኔት ሌላ ጊደር እንዲተካ ተወሰነ።

የፓርሙዋት እናት ሲማሎይ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። አዋላጅ ናት፤ በመንደሩ ከሚኖሩት ብዙዎቹ ወደዚህ ዓለም የመጡት በእጇ ነው። ፍርዱ ትክክል መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። ነገር ግን እነዚያው ሽማግሌዎች፣ ከዚያው ጥላ ሥር ሳይነሡ፣ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ተሻገሩ፤ የፓርሙዋት ሴት ልጅ ናሲዬኩ፣ ሌማሪያ ለሚባል አዛውንት እንድትዳር ወሰኑ። የመጀመሪያው ደሟ ባለፈው በጋ መጥቷል ተባለ። ከዚህ በላይ የጠየቀ አልነበረም።

ከብቶቹ ወደ በረታቸው ሲገቡ ሲማሎይ ልጇን በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ዛሬ ስለ ጊደሯ ያልከውን ስለ ናሲዬኩም በል።»

ፓርሙዋት ሳቀ። «ሴት ልጅና ጊደር አንድ ናቸው ልትይኝ ነው? ኮይኔት ቢሰማሽ ጊደሬን መልስ ይለኛል።»

«አንድማ አይደሉም» አለችው።

ልዩነታቸውንም ነገረችው። የአህያ ውርንጭላ የተወለደበት እርጥበት ሳይደርቅ በእግሩ ይቆማል። ግልገሏ ፍየል ዓመት ሳይሞላት እናት ልትሆን ትችላለች። ጊደር ከዚያ የበለጠ ዝናብ ትጠብቃለች። የሰው ልጅ ግን ጥርሱም፣ እርምጃውም፣ አፉም ይዘገያል፤ ከሁሉም ዘግይቶ የሚደርሰው ደግሞ የሴት ልጅ ዳሌ ነው። ደሙ ቀድሞ ይመጣል፤ አጥንቱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ማደጉን አይተውም። ይህን እጆቿ ተምረውታል፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው። ታዲያ በሁሉ ነገር ከእንስሳ የዘገየችው ፍጥረት በዚህ ብቻ እንድትቀድም ያዘዘው ማን ነው?

«አንቺም በእሷ ዕድሜ ነው የተዳርሽው» አላት። «ሞትሽ እንዴ?»

«ካንተ በፊት ማንን ወልጄ እንደቀበርሁ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ፓርሙዋት የእሾሁን በር ጎትቶ ዘጋ።

በማሳዮች ዘንድ ወንድ በሴት ማሕፀን ላይ ጉዳት ካደረሰ ሴቶች ዱላ ይዘው በአንድነት ይነሡበታል፤ ከከብቱም የወደዱትን ያርዳሉ፤ የሚያግዳቸው ወንድ የለም። ልጁን በዳረ አባት ላይ ግን ተነሥተው አያውቁም፤ መዳር ከበረከት እንጂ ከጉዳት አይቆጠርምና። ሲማሎይ ቤት ለቤት ዞረች። ንግግር አላደረገችም፤ በየቤቱ በምጥ የሞተችውን በስሟ ጠራች። አንዲት ባልቴት የልጇን ስም ስትሰማ ፊቷን አዞረች።

«በሷ ሠርግ እኮ ከሁላችን አብልጠሽ የጨፈርሽው አንቺ ነሽ» አለቻት።

«ጨፍሬያለሁ። አሁን ነይ።»

ባልቴቷ ዱላዋን አነሣች።

ሌማሪያ ለሠርጉ መጠጥ የሚሆነውን ማር አስይዞ ሲመጣ ሴቶቹ የፓርሙዋትን በረት በር ዘግተው ተቀምጠው አገኛቸው። «ይህ ሁሉ ሙሽራ ለእኔ ነው?» ብሎ ቀለደ። ሴቶቹ ከበሩ አልተነሡም። ማሩን እንዳስመጣ አስመለሰ።

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። የሴቶቹን ሥልጣን መካድ አልቻሉም፤ ከአያቶቻቸው የወረደ ነው። የፓርሙዋትንም ቃል ሐሰት ማለት አልቻሉም፤ በዚያው ቃል ለጊደሯ ፈርደዋል። ስለዚህ ናሲዬኩ ዳሌዋ እስኪከፈት ትቆይ፣ መድረሷንም ሲማሎይ ትመስክር አሉ። ፓርሙዋት ወደ ከብቶቹ፣ ከዚያም ወደ ዱላዎቹ አየና እሺ አለ።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ በገባ ቁጥር ይጠይቃታል፤ እሷም ገና ነው ትለዋለች። ሽማግሌዎቹም ስለ ናሲዬኩ ልክ ስለ ጊደር እንደሚጠይቁት ይጠይቃሉ፤ አያፍሩም። ያፈረችው ሲማሎይ ናት። የልጅ ልጇ የዳነችው ሰው በመሆኗ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ጊደር በመሞቷ እንጂ።

ሌማሪያ አልጠበቀም። ከወንዙ ማዶ ሌላ ልጅ አገባ፤ እዚያ መንደር በዚያ ወቅት የሞተች ጊደር አልነበረችም። ዓመቱ ሲዞር፣ ምጡ ጠንቷልና ሲማሎይ ትድረስልን የሚል መልእክት መጣ።

የበግ ስቧንና ምላጯን ይዛ ወንዙን ተሻገረች። ሌማሪያ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

«እጅሽ የተባረከ ነው ይላሉ፣ የፓርሙዋት እናት።»

ልጅቷ ስንት ዝናብ እንዳየች ጠየቀችው።

«እሱን አባቷን ጠይቂ» አላት። «እኔ የጠየቅሁት ጤነኛ መሆኗን ነው።»

ሲማሎይ ጎንበስ ብላ ወደ ጨለማው ገባችና የልጅቷን ዳሌ በሁለት እጇ ያዘች፤ ጠባብ ነበር።