ባለባርኔጣው አባት

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ዕለት የተማሪዎቻችንን ቤተሰብ ብዛትና የወላጅ ሥራ እንድንመዘግብ ታዘን ወላጅ ጠራን። አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሰው መጥተው፣ "ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ስምንት ቤተሰብ አለኝ" አሉኝ። ጻፍኩ፤ ፈረሙ።

ትንሽ ቆይቶ እኚያው ሰው ያለ ባርኔጣ የሌላ ተማሪ አባት ሆነው መጡ። አሁን ተሸካሚ ናቸው፤ ቤተሰባቸው ሦስት። መንታ ይሆኑ እንዴ? ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ የማን አባት ነዎት?"

"የማንም። ደላላ ነኝ። ሱቁን ዘግቶ መምጣት ያልቻለ ወላጅ እኔን ይልካል።"

"እንዴት በሰው ስም ይፈርማሉ?" ብዬ ጮህኩ።

ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስሜን አነበቡ።

"ቲቸር፣ መነጽር የምታደርገዋ ልጅ የእርስዎ ናት አይደል? ባለፈው ሳምንት እሷም ትምህርት ቤቷ ወስዳኝ በእርስዎ ስም ፈርሜላታለሁ። 'ሥራ ሲጠይቁዎት አስተማሪ እንዳይሉ፤ አስመጪ ነኝ ይበሉ' ብላ ለምናኝ።"