ሰማያዊዋ ክብ

ባለፈው ሳምንት ባንክ ቤት ብር ልልክ ቅጹን ሰጥቼ ወንበር ላይ ሳለሁ፣ የመስኮቱ ልጅ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል "ይጠብቁ እናቴ፣ እየዞረ ነው" አለኝ። ደሜ ፈላ። እሱ ምን ያድርግ፤ የተናደድኩት በራሴ ነው።

ወጣት ሳለሁ ጂንካ በአንድ ቢሮ የአዋላጅነት ሥልጠና መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። አመልካቿ መጥታ ቢሮው ያለችው አንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ራሷ ትሞላለች። ኔትወርኩ ግን ወደ ገዘር ከተማ እንደሚወስደው የክረምት መንገድ ነው፤ ሄደ ሲሉት ይቆማል። "ላክ" የሚለውን ነክተው ምንም ካላዩ ደግመው ይነኩታል። አንዷ ሰባት ጊዜ ተመዘገበች።

አለቃዬ አቶ ማርቆስ "አንቺ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ ሰባት ናት እንዴ? ሲስተሙን አንድ ነገር አድርጊው እንጂ" እያሉ ነዘነዙኝ። ተናድጄ አንዲት ሰማያዊ ክብ ሠራሁ። "ላክ" ሲባል ትዞራለች፤ ከሥሯ "በመላክ ላይ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ" ይላል። በጣም አማረችኝ። ኔትወርክ ቢቋረጥስ የሚለውን አላሰብኩበትም።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ዝናብ ነበር። አስቴር የምትባል ልጅ ከገዘር በሚኒባስ መጣች፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ እጇ ላይ በእንሰት ቅጠል የታሰረ ቅቅል ጎደሬ። ሞልታ ላከች፤ ክቧ መዞር ጀመረች፤ እኔም ምሳ ወጣሁ። ዝናብ ይዞኝ አርፍጄ ስመለስ አስቴር እዚያው ቁጭ ብላለች። ጎደሬው እንደታሰረ ነው። ክቧም ትዞራለች።

ኔትወርኩ የጠፋው ገና እኔ እንደወጣሁ ነበር። አቶ ማርቆስ በረንዳ ላይ የቆሙትን በወረቀት መዝግበው፣ ውስጥ የተቀመጠችው የአስቴር ግን በኮምፒውተሩ ተልኳል ብለው ዝርዝሩን በመኪና ወደ ማሠልጠኛው ልከውታል። መኪናው እስካሁን የቀይ አፈርን ከተማ ሳያልፍ አይቀርም።

"ለምን ሰው አልጠራሽም?" ብዬ ጮኽኩባት፤ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ።

"ጠብቂ ይላል እኮ፣ እህቴ። ብነሳ የሚቋረጥ መሰለኝ።"

እኛ ዘንድ ቢሮ "ጠብቅ" ያለው ሰው ንቅንቅ አይልም። ይህን እያወቅሁ ነው "ይጠብቁ" ብዬ የጻፍኩት። ነገሩን ስነግራት ክቧን ትንሽ አየቻትና "እንግዲህ ለከርሞ ነዋ" አለች። ጎደሬውን ፈትታ ግማሹን ሰጠችኝ። 

በማግስቱ መልስ ከዘገየ "አልተላከም፤ ሠራተኛ ይጥሩ" እንዲል አደረግኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄው ነው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ የሰው ዓመት በላ።

ባንኩ ውስጥ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። "ልጄ፣ መዞሩንስ ነገርከኝ። ብሩ ደርሷል ወይ?"

ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገ። "ኔትወርክ የለም እናቴ። ከጠፋ ቆይቷል።"

ዞር ስል ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ሁሉም ዝም ብሎ ይጠብቃል።

"ታዲያ ለነሱም ንገራቸዋ" አልኩት።