በእጅ የተያዘ ዓሣ

የኢንስቲትዩታችንን የሐሙስ ከሰዓት ሴሚናር የሚያስተባብር ሰው ይጠፋና በየዓመቱ ዕጣው እኔ ላይ ይወድቃል። ዕጣ ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ ሌላ ዕጩ ኖሮ አያውቅም። ሥራው ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ፕሮጀክተሩን መለማመጥ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳውን ሰው ግቢ ለግቢ ማሰስ ነው። በተጨማሪም ጦጣዎች ገብተው ለተሰብሳቢው የተዘጋጀውን ሙዝ እንዳይዘርፉት መስኮት መዝጋት አለ። መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ የአርባ ምንጭ ሙቀት ሰዉን ያስተኛዋል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየተወራ የተፈጥሮው አስተውሎት ሲያንኮራፋ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ሴሚናራችን የራሱ ሥርዓት አለው። አቅራቢው ሲጨርስ መጀመሪያ አንጋፋዎቹ ይናገራሉ። ያመሰግናሉ፣ ግሩም ሥራ ነው ይላሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሁልጊዜ ስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደላት ትንሽ ተለቅ ቢሉ መልካም ነው ብሎ ይመክራል። ከዚያ «በርታ» ወይም «በርቺ» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ለስላሳ ይከፈታል። ከባዱ ጥያቄ ለኮሪደር ይቀመጣል። ሰውን በጉባኤ ፊት ማሳፈር ነውር ነው ተብለን ስላደግን ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔ ግን አልሆነልኝም። ያልገባኝን እዚያው እጠይቃለሁ። እጄን ሳነሳ ከኋላዬ አንዱ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ማለቱ አይቀርም። ዘንዶ ካለ ይውጣ ነው የኔ መልስ።

ጥያቄዬ ሲበዛ በጠረጴዛው ሥር ጭኔን የምትቆነጥጠኝ አንዲት የቢሮ ጓደኛ ነበረችኝ። ድሮ ተማሪዬ ስለነበረች ስንት ዓመት አብረን ሠርተንም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። «አንቺ» ማለት የጀመረችው ቢሮ ከተጋራን በኋላ ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ባሏ በታችኛው ከተማ በሲቀላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፕሮግራሚንግ ስታስተምር ድምፅዋ በግቢው ሁሉ ይሰማል።

በዚያ ዓመት ኢንስቲትዩቱ ለዶክትሬት የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዳይሬክተሩም ማን እንደሚሄድ ሴሚናሩ ላይ በሚቀርበው ሥራ እንደሚወሰን ነግሮናል። ዕድሉ እሷን ቀደም ሲል ሁለቴ አልፏታል። አንዴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች «ለሚቀጥለው» ተባለች፤ ሌላ ጊዜ አገልግሎቱ የሚበልጥ ሰው ተገኘ። ይሄኛው ካመለጣት ከዚያው ወንበር ላይ ጡረታ እንደምትወጣ ትነግረኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም።

ሥራዋ ዓሣ ነው። በስልክ የተነሳ የዓሣ ፎቶ አይቶ ትኩስ ነው ወይም ተበላሽቷል የሚል ፕሮግራም። ከጫሞ ሐይቅ የሚወጣው ዓሣ በሞተርና በፒክአፕ እስከ ሲቀላ ሲደርስ ፀሐዩ ምን እንደሚያደርገው የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ወራት ሙሉ ቅዳሜዋን ጫሞ ዳር አሳለፈች፤ ከጀልባ የሚወርደውን ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ፎቶ ስታነሳ ከረመች። ሰኞ ሰኞ ቢሯችን ምን ምን እንደሚል ባልናገር ይሻላል።

ከሴሚናሩ ሁለት ቀን አስቀድማ እኔ ፊት ተለማመደች። ጠዋት የገዛችውን ቆሮሶ በስንጥቡ፣ ከጉንጩ ሥር ባለው መተንፈሻው፣ ይዛ ከፍ አደረገችና ስልኳን አነጣጠረች፤ ስልኩ «ትኩስ» አለ። ወለል ላይ በላስቲክ የዘረጋችውን፣ ሽታው ብቻ የሚመሰክርበትን ሌላ ዓሣ አሳየችው፤ «የተበላሸ» አለ። አጨበጨብኩላት። ከዚያ ላበሽቃት ብዬ ጫማዬን አወለቅኩና በእጄ ከፍ አድርጌ ይሄስ እንዴት ነው አልኳት። ስልኩን አነጣጠረች። «ትኩስ» አለ፤ ያውም ያለ አንዳች ጥርጣሬ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ጫማውን ወለሉ ላይ ሳስቀምጠው «የተበላሸ» አለ። አሁንም ሳቅን፣ ግን አጠር ያለ ሳቅ ነበር። ቀና ስል እሷ አቁማለች።

ኮምፒውተሯን ከፍታ ማሽኑን ያስተማረችባቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ታሳየኝ ጀመር። ከዚያ በፊት እነዚያን ፎቶዎች ደጋግመን አብረን አይተናቸዋል። እሷ የላይኛው ከተማ የሴቻ ልጅ ናት፣ እኔ ያደግኩት አባያ ሐይቅ ዳር ካለ ቀበሌ ነው። ለእኛ ጥሩ ዓሣ ማለት ዓሣ አጥማጁ ጣቱን ስንጥቡ ውስጥ ከቶ ወደ ፊትህ ከፍ የሚያደርግልህ ዓሣ ነው። ጥሩ ዓሣ መሬት አይነካም። የተበላሸውን ደግሞ ሐይቁ ዳር ማንም በእጁ አይነካውም፤ በእግሩ ገፋ ያደርገዋል። ስለዚህ ትኩስ በተባለው ፎቶ ሁሉ ውስጥ የሰው እጅ አለ፤ በተበላሸው ውስጥ አንድም እጅ የለም። ማሽኑ ዓሣውን ለማየት ምን አደከመው? እጁን አይቶ መልሱን ሰጠ፤ መጽሐፉን ሳይከፍት ያለፈውን ዓመት ፈተና እንደሚሸመድድ ተማሪ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ቀን «ይሄ እጅ ምንድን ነው?» ይል ነበር። እኛ ግን አላየነውም።

ኮምፒውተሯን ከደነችው።

«ሐሙስ ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ።

ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ማሽን አይሰደብ። ሌላ ማንም እንደማይጠይቃት አውቃለሁ። እንድትሄድም ከልቤ እፈልግ ነበር፤ ለወለድኳቸው ልጆች ከምመኘው ባልተናነሰ። ስህተቱን ሄዳ እዚያው ታስተካክለዋለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

«አልጠይቅሽም። ዝም አይነቅዝም» አልኳት።

ዓሣዎቹን ሰብስባ ጣለች፣ እጇን ታጠበች፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ሄደች።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ከዞኑ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎችም ተጋብዘው ስለነበር ሙዙ አልበቃም። መብራቱ እንኳ ለሷ ብሎ ይመስል ሳይጠፋ ዋለ። በደንብ አቀረበች። በእጇ የያዘችውን ቆሮሶ ስልኩ «ትኩስ» ሲል ሰዉ ተደነቀ፤ ሳህን ላይ ያለውን «የተበላሸ» ሲል አጨበጨበ። አንጋፋዎቹ ተራ በተራ አመሰገኑ። ያ የፊደል ሰው ፊደላቱ ትንሽ ተለቅ ቢሉ አለ። ከዚያ ከዞኑ ከመጡት ባለሙያዎች አንዱ ተነሱና እንዲህ ያለ ሥራ ሲጠብቁ እንደኖሩ፣ ቶሎ ቢሰጣቸው ሲቀላ ገበያ ላይ ለሚቆጣጠሩት ሠራተኞች እንደሚያድሉት ተናገሩ። ጭብጨባው ቀለጠ። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ።

ዳይሬክተሩ ሌላ ጥያቄ ካለ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አዳራሹም አብሮት ዞረ። እኔ የሙዙን ልጣጭ ማየት ያዝኩ። ከኋላዬ አንዱ ዛሬ ዘንዶው ተኝቷል ሲል ሰማሁት።

«አንድ ጥያቄ ይቀራል» አለች እሷ ከመድረኩ። «ጠያቂዋ ስለተወችልኝ እኔው ልጠይቅ።»

ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። በእጇ ከፍ አድርጋ ስልኩን አነጣጠረችበት፤ ስክሪኑ ላይ «ትኩስ» የሚለው ቃል ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እንደገና አሳየችው፤ «የተበላሸ»። ከዚያ በእርጋታ፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እንደምታስረዳ፣ ማሽኑ የተማረው እጅ እንጂ ዓሣ እንዳልሆነ አስረዳች። ሳቁ ቆመ። እንዲህ ላለው ነገር ሥርዓታችን የተዘጋጀ ቃል የለውም፤ «በርቺ» ቀድሞ ተብሏል። ዳይሬክተሩ ሰዓቱ ስላለቀ ብሎ አመሰገነና ዘጋው። ለስላሳው በዝምታ ተጠጣ።

ውጭ ማንጎው ሥር ቆማ አገኘኋት። ጥቂት ወራት ዝም ብትል ምን ነበረበት አልኳት፤ ስላዘንኩ ነው እንጂ አምኜበት አልነበረም።

«ቲቸር፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ የተበላሸውን ዓሣ እንደ ትኩስ በእጁ ከፍ አድርጎ የማይሸጥ ማን አለ?» አለችኝ።

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ተቆጣጣሪው ስልኩን ያነጣጥራል፣ ሻጩ የሸተተ ዓሣውን ከፍ ያደርጋል፣ ማሽኑ ትኩስ ነው ብሎ ይመሰክርለታል። ሰውም ገዝቶ ለልጆቹ ያበላል።

ዕድሉን ያገኘው ሌላ ሰው ሆነ፤ በኔትወርክ ላይ የሠራ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልቀየምኩትም። እሷ «ለሚቀጥለው» ተባለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብሬያት ጫሞ ወረድኩ። ሐሳቧ ጥሩ ጥሩውን ዓሣ መሬት ላይ አስቀምጦ ማንሳት ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ አሻፈረኝ አሉ። ብንለምን፣ ስለ ማሽኑ ብናስረዳ፣ የሚሰማ ጠፋ። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ መረቡን እያራገፈ ቁርጡን ነገረን።

«መምህር፣ ጥሩ ዓሣ መሬት ላይ አናስቀምጥም። እግዚአብሔር የሰጠንን ለምን እናዋርዳለን?»

እንግዲያው ነገሩን መገልበጥ ነበረብን፤ የተበላሸውን በእጅ ይዞ ማንሳት። እሱንም ማንም አልያዘልንም። በገማ ዓሣ ፎቶ ተነስቶ ስሙን የሚያጠፋ የት ይገኛል? ስለዚህ እኔ ያዝኩ፣ እሷ አነሳች። ጣቴን ስንጥቡ ውስጥ ከትቼ ወደ ፊት ከፍ። የዓሣ ነጋዴ ሴቶች ከበውን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ስንመለስ ሦስት ባጃጅ አይተው አለፉን፤ አራተኛው መጋረጃውን ሁሉ ገልጦ ነው የጫነን። እስከ ክረምት በየቅዳሜው እንዲህ ሆነ። በኋላ እኔ ደከመኝ ስል እሷ ትይዛለች፣ እኔ አነሳለሁ። ጥሩውን ዓሣ ደግሞ እየገዛን ቢሮ ወስደን እዚያ ወለል ላይ አነሳነው፤ ሽማግሌው እንዳያይ።

በዓመቱ እንደገና አቀረበች። ማሽኑ ከድሮው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል ብላ ነው የጀመረችው፤ የት የት እንደሚሳሳትም አሳየች። ሲያቅተው የሚመልሰው ሦስተኛ መልስም ጨምራለታለች። አመሰገንናት። ዳይሬክተሩ ጥያቄ ካለ ሲል እጄን ላነሳ ስል ያ የፊደል ሰው ቀደመኝ። ስለ ፊደል የሚናገር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ የተጠረገ ጥቁር ጫማ፣ በእጁ ከፍ አድርጎ ያዘው።

ስልኩን አነጣጠረች። ስክሪኑ ላይ «አላውቅም» የሚል ወጣ።

በዚያ አዳራሽ አላውቅም ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ያውም ከማሽን። ሰውየው ጫማውን እያጠለቀ ጥሩ መልስ ነው አለ፣ ከዚያ ሌላው ጠየቀ፣ ሌላውም ጠየቀ። ሰዓቱ አልፎ ጦጣዎቹ ሙዙን እስኪጨርሱት አልተነሳንም።

ዕድሉ ተሰጣትና መስከረም ላይ ሄደች። ሲቀላ መናኸሪያ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሸኘኋት፤ እንደማላለቅስ ምዬ ነበር፣ አለቀስኩ። ሴሚናሩን አሁንም እኔ ነኝ የማስተባብረው፤ ጥያቄዬም አልቀነሰም። ጭኔን የሚቆነጥጠኝ ግን የለም።