አባቴና ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ

አባቴ በጽድቁ የማይጠረጥሩት አንድ ንጉሥ ነበራቸው፤ የሮሙ ቆስጠንጢኖስ። እናቱ እሌኒ መስቀሉን ቆፍራ ያስወጣች፣ እሱ ደግሞ ክርስቲያኖችን ከሰይፍ ያስጣለ፣ ሦስት መቶ አሥራ ስምንቱን ሊቃውንት ኒቅያ ላይ የሰበሰበ። ቶሮንቶ ከተማ ሬክስዴል ሰፈር ባለችው አፓርታማዬ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ቆመው የሚደግሙት ጸሎተ ሃይማኖት ከዚያ ጉባኤ የመጣ ነው። ስለዚህ ንጉሡን እንደ ቅርብ ዘመድ ነበር የሚያነሱት።

የሚያነሱት ግን ብዙ ጊዜ ወንድሜን ለመሸንቆጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ እያለን ጴንጤ ሆነ፤ አባቴም "ከዛሬ ጀምሮ ወንድ ልጅ የለኝም" ብለው ከቤት አስወጡት። "ንጉሡ የተበተነውን ሃይማኖት አንድ አደረገ፤ ይኼ ደግሞ አንዱን ቤት ለሁለት ከፈለ" ይሉ ነበር። የእግዜር ነገር፣ ውሎ አድሮ ሦስታችንም ቶሮንቶ ተገኘን። ወንድሜ ኢስት ዮርክ፣ እኔ ስፖንሰር አድርጌ ካመጣኋቸው አባቴ ጋር ሬክስዴል። አንድ ባስና አንድ የምድር ባቡር ለያይቷቸው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ዓመታት አለፉ። ወንድሜ በየበዓሉ ይደውላል፤ አባቴ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ እኔ "ተኝተዋል" እላለሁ። በዓል ሲመጣ ስልኩን ቀድሜ ማንሣት ልማዴ ሆነ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር ገደማ፣ ኤርፖርት አጠገብ መጋዘን ውስጥ እየሠራሁ ኮሌጅ ገባሁ። አንድ የታሪክ ኮርስ መምረጥ ነበረብኝና የሮምን ወሰድኩ። ቆስጠንጢኖስን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ ምን ያቅተኛል ብዬ። አባቴ ሲሰሙ ደስታቸው ለጉድ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሻያቸውን ይዘው ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ፤ እኔ መጽሐፉን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። እሑድን የዕረፍት ቀን ያደረገው እሱ ነው ስላቸው "አየሽ" አሉ። እሑድ እሑድ ሺፍት የምገባ ሰው ምን ልበል።

አንድ ቅዳሜ ግን ማንበቤን አቆምኩ። ያየሁትን ስላላመንኩ ደግሜ አነበብኩት።

"ምነው ዋጥሽው?" አሉ።

"ምንም አይደል አባባ።"

"ንገሪኝ እንጂ።"

ነገርኳቸው። ንጉሡ ሊቃውንቱን ኒቅያ ላይ በሰበሰበ በዓመቱ የበኩር ልጁን አስገድሏል። ልጁ ምን እንዳጠፋ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ስሙ ግን ከተቀረጸበት ድንጋይ ሁሉ እንዲፋቅ ተደርጓል።

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። መጀመሪያ "ፈረንጅ የጻፈው ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው "የገዛ ልጁን?" አሉ። እኔም ክው ብያለሁ፤ መስቀል በመጣ ቁጥር ከነእናቱ ሳጨበጭብለት ያደግኩት ሰውዬ ነዋ።

"በኋላስ ንስሐ አልገባም?" አሉ።

"የተጠመቀው ሊሞት ሲል ነው ይላል። ዕድሜውን ሙሉ አቆይቶት፣ ታሞ ሲወድቅ።"

ይኼን ሲሰሙ ቀለል አላቸው። እኛም ቤት የታወቀ ነው። ቁርባኑ ለእርጅና ይቆያል፤ የተጣላም ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ባላጋራውን አስጠርቶ ይቅር ይባባላል። አባቴም ይኼንኑ የሚያውቁ ሰው ናቸው። "እንግዲያ ታጠበ" አሉ።

"ልጁስ?" አልኳቸው። አፌ አያርፍም። "እሱ ታጥቦ ሄደ። ልጁ ምን አገኘ?"

ብርጭቆአቸውን ወዲህ ወዲያ ሲያደርጉ ቆዩና ቀና ሳይሉ "እኔ እንኳ ይቅር ብዬዋለሁ" አሉ።

"ማንን?"

"ወንድምሽን ነዋ። እዚህ አገር ሳልመጣ ነው ይቅር ያልኩት። ለሞቴ ቀን አቆይቼው ነው እንጂ። ያኔ ትጠሪልኛለሽ፣ መርቄው እሰናበታለሁ ብዬ።"

ያ ሁሉ በዓል፣ ያ ሁሉ "ተኝተዋል"። ቂም ነው ብዬ ስፈራው የኖርኩት ነገር ለካ ይቅርታ ኖሯል፤ እንደ ክት ልብስ ተጣጥፎ የተቀመጠ። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝና ተናደድኩ። "እሱ ቢቀድምዎትስ?" አልኳቸው። አባቴን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ልጅ ከአባት ሊቀድም እንደሚችል አንድም ቀን አስበውት አያውቁም ኖሯል። ብርጭቆውን አስቀምጠው ስልኬን ወደ እኔ ገፉት።

"ደውዪለት" አሉ።

ደወልኩና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር፤ የማሽን ጩኸት ይሰማል። "አቤት እህቴ" አለ።

"እኔ ነኝ" አሉ አባቴ።

ማሽኑን ሲያጠፋው ተሰማ። ወንድሜም የእኚሁ ሰው ልጅ ነው፤ የእሳቸው ይቅርታ መቼ እንደሚመጣ ጠንቅቆ ያውቃል።

"አባባ" አለ። "ሊሞቱ ነው?"

አባቴ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ኧረ አልሞትኩም" አሉ። "ራት ና ልልህ ነው።"