የትከሻ ቦታ

ባለፈው ሰሞን ጀሞ፣ አንድ የሬዲዮ ጥገና ቤት በር ላይ የጋለ አቧራ ሸተተኝና እግሬ ቀጥ አለ። የጋሽ አበራ አምፕሊፋየር ሲግል ልክ እንደዚያ ይሸት ነበር።

ጋሽ አበራ የመካኒሳ ጎረቤታችን ነበር። አፍሮው የበሩን ጉበን እየነካ፣ ቤልቦተም ሱሪው የሰፈሩን አቧራ እየጠረገ ይገባል፣ ይወጣል። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁመው ሮክ ይጫወቱ ነበር። የጊታሩን ክር በጣቱ ገፋ ያደርግና አንዲት ድምፅ እስክታለቅስ ድረስ ይጎትታታል። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አጥሩን ተደግፌ ያቺን ድምፅ ስጠብቅ ምሳዬን እረሳ ነበር።

አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሚጫወቱበት የምሽት ክበብም ተዘጋ። የቀራቸው የቀን ሠርግ ብቻ ነበር። እሱ ካልተሳካ ባንዱ መበተኑ ነው። የመጀመሪያው የእህቴ ሠርግ ሆነና ዳሱ ውስጥ ያንኑ ሮካቸውን ለቀቁት። ሠርገኛው ሊጨፍር ተነሣ፣ ግራ ገባው፣ ቆመ። ጋሽ አበራ ያቺን ድምፅ ሲጎትታትማ አንዱ ሚዜ "ተበላሸ እንዴ?" ብሎ ሶኬቱን ሊያይ ሮጠ። አክስቴ ጠጋ ብላ፣ "አበራዬ፣ ሙዚቃውስ ደስ ይላል፤ ትከሻዬን ግን የት ላግባው?" አለችው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ድራሙ ወደ ችክችካ ዞረ፤ ጊታሩም የሠርግ ዘፈን ለመደ። ስማቸው ገነነ። ሙሽሮች ቀን የሚቆርጡት እነሱን ጠይቀው ሆነ። ባንዱ ተረፈ፤ እኔ ግን ጋሽ አበራን ተቀየምኩት። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ የምታለቅሰዋን ተውካት?" አልኩት።

"አልተውኳትም የኔ እመቤት፤ ቦታ እየፈለግኩላት ነው" አለኝ።

አገኘላት። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል፣ እስክስታው በተጋጋለበት ሰዓት፣ ድራሙን ዝም ያሰኝና ያቺን አንዲት ድምፅ ይጎትታታል። ጨፋሪው ትከሻውን ሽቅብ እንደያዘ ይጠብቃታል፤ እሷ ስትወርድ አብሯት ይወርዳል። ሰፈሩ ለመደው።

ጋሽ አበራ ካረፈ ቆየ። ዛሬ ዛሬ በሰፈራችን ሠርግ ላይ ያለው አንድ ኪቦርድ ብቻ ነው። የመካኒሳ ሰው ግን ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል፣ ማንም ሳያዘው፣ ትከሻውን ሽቅብ ይዞ ቀጥ ይላል። ከሌላ ሰፈር የመጡ እንግዶች ይስቁብናል። ልጆቼም ያደርጉታል፤ ከማን እንደመጣ አያውቁም። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት የምታለቅሰዋን ድምፅ እሰማታለሁ፤ ትከሻዬንም አብሬያት አወርዳለሁ።