አልቃሿ ስልክ ቤት ገባች

ያን ዕለት ሰቆጣ ላይ ነፋስ ተነሥቶ ነበር። የጥር ደረቅ ነፋስ ነው፤ የገበያውን አቧራ እያፈሰ በሰው ዐይንና በሱቁ ጨው ላይ ይበትናል፤ ያገኘውን ቆርቆሮ ሁሉ ያንኳኳል። ዘመኑ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ጥሩሐረግ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ስልክ ቤቱ በር ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። የወንድሟ ሚስት ተገላግላለችና ወልድያ ላለው ለወንድሟ የምሥራች ልትነግረው ነው።

ውስጥ ስልከኛው አቶ ገብረ ጻድቅ ይጮኻል። ከደሴ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ድምፁም እንደ ሰውነቱ ነው። እሱ "ሃሎ ወልድያ! ሰቆጣ ነኝ!" ይላል፤ ወልድያ "ማን?" ይላል። እንዲህ ሲባባሉ ረፈደ። በመጨረሻ ጉሮሮው ተዘጋና መነጋገሪያውን እንደያዘ ዝም አለ።

"እስቲ ለእኔ ይስጡኝ" አለች ጥሩሐረግ።

"ምኑን?"

"እሱን።" ተቀበለችው፤ ደረቷን ነፍታ "ወልድያ!" አለች። ደጅ የታሰሩት በቅሎዎች ጆሯቸውን አቆሙ። ከሽቦው ወዲያ ያለው ሰውዬ "ኧረ ጆሮዬን!" ሲል ገብረ ጻድቅ ሳይቀር ሰማው።

የጥሩሐረግ ሥራ ማልቀስ ነበር። ሰቆጣና ዙሪያው ላይ ሰው ሲሞት ተጠርታ ሙሾ ታወርዳለች፤ ለሟቹ ያላዘነውን ዘመድ እንኳ ታስለቅሳለች። ሥራውን ከእናቷ ወረሰችው እንጂ አልመረጠችውም፤ ማን መርጦ ያውቃል? ሙሾውን አልጠላችውም። የጠላችው፣ ጤነኛ ሰው በጧት ሲያያት መንገድ መቀየሩን ነው። ልትጠይቀው የገባችበት በሽተኛ "ገና ነኝ!" ብሎ ከአልጋው ይነሣል። ሠርግ የሚጠራት የለም። ስለዚህ ገብረ ጻድቅ "ነፋስ የማይበግረው ድምፅ ያስፈልገኛል። እስከ ቅበላ ልሞክርሽ፤ ካልሆነልሽ ወደ ለቅሶሽ" ሲላት ነገር አላበዛችም። በሕይወት ያለ ሰው ወዶ የሚመጣበት ቤት ልትቀመጥ ነው።

ገመዱን ከየትኛው ቀዳዳ ወደ የትኛው እንደምትሰካ ቶሎ ለመደችው። ችግሩ ሌላ ነው። በየቤቱ ስልክ ስለሌለ ከሩቅ የሚፈለገውን ሰው ስልከኛ ሄዶ ይጠራዋል። መጀመሪያ የተፈለገው ጨርቅ ነጋዴው ዓሊ ነበር፤ ወንድሙ ዑስማን ከወልድያ ደውሎለታል።

"አያ ዓሊ፣ የዑስማን ነገር ነው፤ ስልክ ቤት ይፈለጋሉ።"

ዓሊ የሚለካውን አቡጀዲ ለቀቀው። "ወይ ወንድሜን!"

"ኧረ ደኅና ነው! ራሱ ነው የደወለ።"

"መርዶ ነጋሪ ሁሉ ደኅና ነው ነው የሚል። ደግሞስ እኔ እስላም፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?"

ሚስቱ ዓሲያ ከጓዳ ጮኸች። ክርስቲያኑም እስላሙም ከየቤቱ ወጣ፤ ስልክ ቤት ሲደርሱ ሰፈሩ በሙሉ እያለቀሰ ከኋላቸው ነበር። ዓሊ መነጋገሪያውን ያዘ።

"ዓሊ፣ ዑስማን ነኝ! ጨርቁን ላክሁልህ!"

"ወንድሜን መስለህ የምታናግረኝ ማነህ?"

"ወላሂ እኔው ነኝ!"

"ተው፣ አታለሳልስልኝ። መቼ ቀበራችሁት?"

"አንተ ሌባ! ካያታችን ቀፎ ማር ሰርቀህ እኔን አላስገረፍኸኝም?"

ዓሊ ተነፈሰ። "አልሐምዱሊላህ፤ እሱ ነው።"

ሰው እየሳቀ ተበተነ። ገብረ ጻድቅ ግን አልሳቀም። "ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የተዝካር ዳስ አይደለም። ሁለተኛ እዚህ እንባ ባይ፣ ሄደሻል" አላት።

ጥሩሐረግ አሰበችበት። ሰው የሚደነግጠው እሷን ሲያይ ነው፤ ፊቷን የት ትጥለው? ጉሮሮዋ ግን ከሙሾ ሌላም ያውቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ከወልድያ የተፈለገው ወልደ ጻድቅ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ከጎረቤቱ ጋር በመሬት ሲካሰስ የሸበተ ሰው ነው። የደወለው ነገረ ፈጁ ነው። ጥሩሐረግ የሽማግሌው ሰፈር ስትደርስ አፏን ከፍታ እልል አለች።

ሴቶቹ ከየደጁ ተቀበሏት። "ምን ተገኘ?"

"አያ ወልደ ጻድቅ ስልክ ተደወለላቸው!"

"እሰይ! ረታ!"

ማን እንደነገራቸው የጠየቀ የለም። ከበሮ ወጣ፤ ሽማግሌውን ከፊት አድርገው እየጨፈሩ አመጡት። ወልደ ጻድቅ እየሳቀ ገባ፤ መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ሳቁ ቀረ።

"ለእሱ ፈረዱለት?" አለ በቀስታ።

ጥሩሐረግ ፊቱን አየች። እንባ ከየት እንደሚነሣ ታውቃለች፤ መጀመሪያ አገጭ ነው የሚንቀጠቀጥ። የሽማግሌው አገጭ ጀምሯል። ገብረ ጻድቅ በሩ ላይ ቆሟል።

ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። "አያ፣ የባላጋራዎ ሚስት ደጅ ቆማ እያየችዎ ነው።"

አገጩ ቀጥ አለ። ወልደ ጻድቅ ጋቢውን አስተካከለ፤ ጢሙን ጠረገ፤ በአጠገቧ ሲያልፍ "አንቺ ሴትዮ፣ ተረትቼ ልታስደግሺኝ ነው" አላት። ከዚያ ደጅ ወጥቶ በሙሉ ድምፁ "ኑ ግቡ! ጠላ አለ!" አለ። እልልታው ቀለጠ። የባላጋራው ሚስት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ባሏን ምን እንዳለችው እግዜር ይወቅ።

ገብረ ጻድቅ ሰዉን አንድ በአንድ አየ። እንባ የለም። "ሰኞ በሰዓትሽ ግቢ" አላትና እሱም ጠላውን ተከትሎ ሄደ።

አሁን ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው። ገብረ ጻድቅ ወደ ደሴ ተዛውሯል። ጥሩሐረግ ሰቆጣ ስልክ ቤት ስልከኛ ናት።