ፈረንጅ ያስተማረኝ ኦሮምኛ

ከኮምቦልቻ ልወጣ ስል፣ የዋዜማው ዕለት ማታ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል፤ የሚናገር የለም፤ በየመሀሉ አንድ ሰው ብቻ "አይ እንግዲህ" ይልና በረጅሙ ይተነፍሳል። እናቴ ሻንጣዬን እየዘረገፈች መልሳ ትከታለች። አጎቴ ሰይድ በመጨረሻ አላስችል አለውና፣ "ዓይን ያላቸው እንኳ ከሄዱበት ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ ይቺን ልጅ ለማን ነው የምንሰጣት?" አለ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ፈገግታዬ እንዳይታይብኝ ፊቴን በነጠላዬ ጫፍ እሸፍን ነበር። ይፈረድብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለምን ደስ እንዳለኝ እናንተ እዚያ ያላችሁ ዘመዶቼ እስከ ዛሬ አልገባችሁምና ልንገራችሁ። በሕፃንነቴ ኩፍኝ ዓይኔን ከወሰደብኝ ጀምሮ ያነበብኩት ሁሉ በሰው አፍ ነው። እህቴ ስትደክም ምዕራፉ ያልቃል፤ ጓደኛዬ ስታኮርፍ መጽሐፉ ይዘጋል። የተላከልኝን መልእክት እንኳ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ሰምቶት፣ ስቆበት ወይም ደንግጦበት ነው የሚደርሰኝ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው ስክሪን ሪደር የሚባለውን ነገር ያገኘሁት። ኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ ያነባል። ማውስ አልነካም፤ ሁሉንም በኪቦርድ ነው የምሠራው። መቱ ያለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር እንደሚፈልግ ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት እኔው ነኝ፤ ማመልከቻውን የጻፍኩት፣ የላክሁት፣ መልሱንም ያነበብኩት እኔው ነኝ። እዚያው እናንተ መሀል ተቀምጬ፣ ጆሮዬ ላይ ኤርፎን ሰክቼ፣ "ተቀብለንሻል" የሚለውን ስሰማ እናንተ ስለ ሽንኩርት ታወሩ ነበር። በሕይወቴ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ አንድ ነገር ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ጉዞው ረጅም ነው፤ አይጣል። አዲስ አበባ አድሬ በጅማ በኩል ነው የሄድኩት። ጅማን ካለፍን በኋላ አየሩ ራሱ ሌላ ሆነ። የእኛ አገር ንፋስ በመስኮት ሲገባ አቧራና ፀሐይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው እርጥብ ቅጠልና የበሰለ ፍሬ ይሸታል። በደሌን አልፈን ሲመሽ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በኦሮምኛ ብዙ ነገር ነገረችኝ። የገባኝ "ቡና" የሚለው ብቻ ነው። ጫካውን እያሳየችኝ ኖሯል። እኔም ወደ መስኮቱ ዞሬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ምን ላድርግ?

መቱ ስደርስ ባጃጁ ያወረደኝ ክፍል በተከራየሁበት በአዴ በዳቱ ግቢ ነው። "አዴ" እኛ "እትዬ" እንደምንለው ነው። ሴትዮዋ ባላቸው የሞቱ፣ ልጆቻቸው ኖፓ ወረዳ አግብተው የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ እጃቸው ማር ማር የሚል ሴት ናቸው፤ ገበያ ማር ይሸጣሉ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ አንዳንዴ ብቻ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጉታል። ክፍሉን እጄን ይዘው አስጎበኙኝ።

"መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው። ለአንቺ ችግር የለውም" አሉኝ።

"አዴ፣ መስኮት እኮ ንፋስም ያስገባል።"

"እሱስ እውነት ነው። አምፖሉንም ነቅዬልሻለሁ። ሶኬቱንም ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዘግቶታል። ለአንቺ መብራት ምን ያደርጋል ብዬ።"

"ኧረ ኮምፒውተር አለኝ! ያለ መብራት አይሠራም።"

"ኮምፒውተሩ ያያል እንዴ?"

"አያይም። ያነብልኛል።"

"ሳያይ ያነባል?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ሁለታችሁም ካላያችሁ ለሁለታችሁ ጓዳው ይበቃ ነበር" አሉና የራሳቸው ንግግር አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ሰው ስለ ዓይኔ በረጅሙ ሳይተነፍስ ሲያወራ መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። በማግስቱ ሶኬቱ ተከፈተ፤ አምፖሉም ተመለሰ። "እኔ ልጠይቅሽ ስመጣ ጨለማ ውስጥ ልቀመጥ እንዴ?" አሉ።

ትምህርት ቤቱ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ታሪኩ፣ በእኛ አቶ ታሪኩ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዱላዬ ወለሉን ሲነካ ሲሰሙ ግን ድምፃቸው ተቀየረ።

"መምህርት ዘሃራ፣ ማመልከቻው ላይ ይህ ነገር አልተጻፈም ነበር።"

"የቱ ነገር?"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ማለቴ... ይሄ።"

"አለማየቴ?"

"እሱ።"

"ማስታወቂያው ላይም ማየት ያስፈልጋል የሚል አልተጻፈም ነበር።"

ወንበራቸው ሲንቋቋ ሰማሁ። "እንግዲህ ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ" አሉኝ። አስቡት! ወረቀት ማንበብ የማልችለውን ሰው በወረቀት የተሞላ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። መጽሐፉ ይሸተኛል፤ ዝምታው ይሰማኛል፤ ሌላ ምንም የለም። ያን ሰሞን ለእናቴ ስደውል ማስተማር ጀምሬያለሁ ብዬ እንዳልዋሽ ጨነቀኝ፤ "ደህና ነኝ" ብቻ እል ነበር። ብዙም ሳይቆይ የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህርቷ ወለደችና ሌላ ሰው ስላልተገኘ ክፍሉ ለእኔ ተሰጠ። ለዚያ ለወለደችው ልጅ ዱዓ ሳላደርግ ውዬ አላውቅም።

ማስተማሩ አልከበደኝም። ተማሪዎቹን በድምፅ ለየኋቸው፤ ሰሌዳው ላይ ተራ ገብተው ይጽፉልኛል፤ የፈተና ወረቀቱን ባልደረባዬ መምህር ገመዳ ሲያነብልኝ እኔ አርማለሁ፤ ውጤቱን ኤክሴል ላይ ራሴ እሞላለሁ። የከበደኝ ኦሮምኛው ነው። ስብሰባው በኦሮምኛ፣ ማስታወቂያው በኦሮምኛ፣ የአስተማሪዎች ክፍል ቀልዱ በኦሮምኛ። ሁሉም ሲስቁ እኔ ዘግይቼ ነው የምስቀው። ከኢንተርኔት ላይ መማሪያ አውርጄ ጀመርኩ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ኦሮምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ ላቲን ፊደል ባየ ቁጥር እንግሊዝኛ ይመስለዋል። ስለዚህ ያስተማረኝ አፍንጫው የተደፈነ ፈረንጅ ነው። ቀ የሚባል ድምፅ አያውቅም፤ በኤክስ የምትጻፈውን ጠን ዘ ይላታል፤ "ገለቶማ" ብሎ ማመስገን ሲገባው "ጋላቱማ" ይላል።

እኔ ምን አውቃለሁ? ያለኝን አመንኩ። አንድ ቀን ተማሪዎቼን ላስደስት ብዬ ነገ ፈተና እንዳለን በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ፈተና "ቆርማታ" ነው፤ እኔ እንደ ፈረንጄ "ኮርማታ" አልኩት። ተማሪዎቹ ጣሪያው እስኪነሳ ሳቁ። ኮርማ ለካ እንደኛው ኮርማ ነው፤ በሬ! "ባርሲፍቱ፣ ኮርማዎቹን የት እናስራቸው?" አለ አንዱ ከኋላ፤ "ባርሲፍቱ" መምህርት ማለት ነው። ፊቴ ጋለ። ከዚያ ግን እኔም ሳቄ መጣብኝ፤ ጠረጴዛውን ይዤ አብሬያቸው ሳቅሁ። በማግስቱ ፈተናው ሲታደል "ኮርማው መጣ" ይባባሉ ነበር።

ማታውን ለአዴ በዳቱ ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "ክፈቺው እስቲ ይሄንን ፈረንጅ" አሉ። ኤርፎኑን ነቅዬ ድምፁን ከፈትኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእራት በኋላ ሥራችን ይኸው ሆነ። ኮምፒውተሩ አንድ ቃል ይላል፤ አዴ በዳቱ ይቆጡታል።

"ላኪ! አይሆንም! እንደሱ አይደለም! ቀ በል፣ ቀ! ከጉሮሮህ!"

"አዴ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም።"

"ይስማ! አገራችን መጥቶ አይደል የሚኖረው?" ይላሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ቃሉን ቀስ አድርገው ያስተካክሉልኛል። የቀቀልነው የበቆሎ እሸት ወይም ጎደሬ መሀላችን አለ። ጎደሬን መጀመሪያ ሳሙና የምበላ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ከማር ጋር ስጡኝ። የማሽላ እንጀራ ግን አልረሳሁም፤ እዚህ የለም፤ ምላሴ ይፈልገዋል።

እንዲህ እያልኩ ደህና ስገፋ ሌላ ነገር መጣ። ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ የሚያወጣው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ማስታወቂያው ግን ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ማህተም ተመትቶበት፣ ፎቶ ተነስቶ ነው የሚለጠፈው። ስልኬ ጽሑፍ እንጂ ያን ጊዜ ፎቶ አያነብም ነበር፤ በእንግሊዝኛው "ምስል" ይለኛል፤ በቃ። ሰው በጠየቅሁ ቁጥር "ምንም አዲስ ነገር የለም" ስለሚሉኝ እኔም ተውኩት። እናም ለመምህራን የተዘጋጀ ሥልጠና አመለጠኝ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ማስጠንቀቂያውም በፎቶ መጣ! መምህር ገመዳ የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ አነበበልኝ፤ ሲያነብ መሀል ላይ ድምፁ ቀነሰ። ሁለተኛ ከተደገመ ውሌ እንደማይታደስ ይላል።

እንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት። ኮምቦልቻ ስመለስ አጎቴ ሰይድ "አላልኩም?" ሲል ታየኝ። ስልኬን ይዤ ኦቦ ታሪኩ ቢሮ ገባሁ።

"ማስታወቂያው እኮ ወጥቷል፤ ሁሉም አይቷል" አሉኝ።

"በጽሑፍ ቢላክልኝ ኖሮ እኔም አነበው ነበር።"

"ማህተሙ መታየት አለበት፣ መምህርት። አለዚያ ሕጋዊ አይሆንም።"

"እሺ። እንግዲያው እኔ የማየውን ይዩልኝ" አልኩና የስልኬን ድምፅ ከፍቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ግሩፑን ከላይ ወደ ታች አወረድኩት። ስልኩ "ምስል" አለ። ዝቅ አደረግሁ። "ምስል።" ዝቅ አደረግሁ። "ምስል።" ሳልናገር ቀጠልኩ። ከወር በፊት የተለጠፉት ላይ ስደርስ ኦቦ ታሪኩ፣ "ይበቃል" አሉ፤ በቁጣ አይደለም። "ሁሉም እንዲህ ነው የደረሰሽ?" አሉኝ። አንቺ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው፤ አልከፋኝም።

"ሁሉም።"

ማስጠንቀቂያውን አነሱልኝ። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ጽሑፉን ራሳቸው እየተየቡ ይለጥፉታል። ሲቸኩሉ ፊደል ይገድፋሉ፤ ፈረንጄ ደግሞ ግድፈቱን ሳይቀር ያነብልኛል።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ የወላጆች ስብሰባ ነበር። የዘጠነኛ ክፍልን ሪፖርት ማን ያቅርብ ሲባል ኦቦ ታሪኩ ስሜን ጠሩ፤ በኦሮምኛ። ሪፖርቱን ጽፌ መምህር ገመዳ አረመልኝ። በዕለቱ ኮምፒውተሩን ከፊቴ አስቀምጬ በአንድ ጆሮዬ ኤርፎን ሰክቼ ቆምኩ። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ የታዘሉት ልጆች ያለቅሳሉ፣ ከዳሪሙ ድረስ በእግር የመጡ አባቶች ያስላሉ። ፈረንጁ ጆሮዬ ውስጥ "ካባጃሙ" አለኝ። እኔ "ከበጀሞ ማቲ በረቶታ" አልኩ፤ የተከበራችሁ የተማሪ ወላጆች። እሱ እየተሳሳተ በጆሮዬ ሲገባ እኔ እያቃናሁት በአፌ ሲወጣ፣ መሀል ላይ የአዴ በዳቱን ቁጣ እሰማው ነበር። "ቆርማታ" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቀ-ዋን ከጉሮሮዬ ጎትቼ አወጣኋት። የተማሪዎቼ ወገን አጨበጨበ። ወላጆቹ ምን እንደተጨበጨበ ሳይገባቸው አብረው አጨበጨቡ። ከኋላ ወንበር ደግሞ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ "ኢንተላ ኮ!" ሲል ሰማሁ። "ልጄ" ማለት ነው። የማር ገበያቸውን ጥለው መጥተው ኖሯል።

ውሌ ታደሰ። አሁን ሁለት ክፍል አስተምራለሁ። ማታ ማታ ጋዜጣውን፣ ልብ ወለዱን፣ የእናንተን መልእክት ብቻዬን አነባለሁ፤ አማርኛውንም የሚያነብ ድምፅ አግኝቻለሁ፤ ጉንፋን የያዘው ይመስላል እንጂ ደህና ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ እናደዳለሁ፤ ሲመለስ እረሳዋለሁ። ደህና ነኝ ስላችሁ አሁን እውነቴን ነው።

ትናንት እናቴ ደወለች። እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ አደረሰችኝ፤ ከዚያ፣ "ንግግርሽ ተለወጠብኝ፤ መጨረሻው ላይ እንደ ዘፈን ታደርጊዋለሽ" አለችኝ። እየሳቀች ይሁን ከፍቷት አልለየሁም።

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"ትምህርት ሲዘጋ፣ እማ።"

"ለመቅረት ነው ወይስ ለመጠየቅ?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ ሳዞር እሷ ሌላ ነገር ሰማች። "ቆይ፣ ምንድን ነው እሱ የሚንሿሿው?"

"ዝናብ ነው።"

"በዚህ ወር?"

"እዚህ እንዲህ ነው።"

"እኛ ጋ ዘንድሮ ጠብም አላለ" አለች ቀስ ብላ። "ማሽላው ደርቆ ቀረ። እስቲ ዝም በይ፤ ልስማው።"

በሩን ከፈትኩና ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋሁላት። የሙዙ ቅጠል ይንጣጣል፣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ አሸንዳው ይፈሳል። እጄ እስኪርስ ያዝኩት። መለስ አድርጌ ጆሮዬ ላይ ላደርገው አልኩና ተውኩት። እናቴ በዚያ በኩል የምትለው ነገር ኖሮ ይሆናል፤ እኔ ግን ዝናቡን ትጥገበው ብዬ አልሰማኋትም።